ኔት ሲጠፋ ኤአይም አለቀለት? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ድርግም ብሎ ጠፋብን። የካቲት 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን (የተዘጋ ድረ ገጽ በሌላ መንገድ አዙሮ የሚያስገባ መተግበሪያ) አንከፍትም አሉ፤ ወራት ቆየ። ይህን ያየ ሰው “ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ለእኛ አገር ምን ሊረባ?” ቢል አይፈረድበትም። ግን ጥያቄው ውስጥ ጥቂት ስህተቶች አሉ።

ትልቁ ስህተት ኤአይ ማለት ያለ ኔት የማይሠራው ቻትጂፒቲ ብቻ ይመስለናል። እስቲ ኑሩ የሚባለውን መተግበሪያ ተመልከቱ። ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከአጋሮቹ ጋር የሠራው ነው። ገበሬው የስልኩን ካሜራ ወደ ካሳቫ ቅጠል ሲያዞር በሽታውን ይለያል። በ2009 አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎ ላይ ያደረሰውን ጉዳትም እንዲያውቅ ተደርጓል። ይህን ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ነው የሚሠራው!

ቴሰራክት የሚባል ፕሮግራምም አለ። የታተመ ጽሑፍ ፎቶ አይቶ ወደሚታረም ጽሑፍ ይለውጣል። ነፃ ነው፤ አማርኛ ያነባል፤ ኮምፒውተር ላይ አንዴ ከተጫነ ኔት አይፈልግም። የድሮ ቃለ ጉባኤ ቁጭ ብሎ እንደገና ለሚተይብ ጸሐፊ ትልቅ እፎይታ ነው። የእጅ ጽሑፍ ግን አትስጡት፣ ጉድ ያወጣል። የታተመውንም ቢሆን ተቀራራቢ ፊደላትን ስለሚያምታታ መልሶ ማንበብ ግድ ነው።

ሌላው፣ ቪፒኤን የተዘጋን ሁሉ የሚከፍት ቁልፍ ይመስለናል። የተዘጋው አንድ ድረ ገጽ ከሆነ ሊያሳልፋችሁ ይችላል። መስመሩ ራሱ ከተቆረጠ ግን በምን በኩል ይለፍ?

አገልግሎቱን ማን እንደዘጋው አለመለየትም አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 መጨረሻ ላይ የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን የቻትጂፒቲን አሠራር አገደ። በሩን ለጣሊያኖች የዘጋው ግን ትእዛዙ የደረሰው ኩባንያው፣ ኦፕንኤአይ ራሱ ነው። ከወር ገደማ በኋላ፣ አንዳንድ ማሻሻያ አድርጎ፣ ተመለሰ። አንዳንዴ ደግሞ መንግሥት ምንም ሳይል ኩባንያው ራሱ “እዚያ አገር አልሠራም” ይላል። ያኔ በቪፒኤን ሾልኮ መግባት አካውንት ሊያዘጋ ይችላል። ስለዚህ መንግሥትን ከመርገም በፊት ስክሪኑ ላይ የመጣውን መልእክት ማንበብ ነው።

የመጨረሻው የሁላችንም ነው፦ ኔት ከጠፋ በኋላ “ምን ላውርድ?” ማለት። ጌማ፣ ላማና ኩዌን የሚባሉት፣ እንደ ቻትጂፒቲ ለጥያቄ መልስ የሚጽፉ የኤአይ ሞዴሎች፣ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው ያለ ኔት የሚሠሩ ትንንሽ ቅጂዎች አሏቸው። ጥቂት ጊጋባይት ናቸው፤ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይችላቸዋል። አማርኛቸው ይንተባተባል። ለእንግሊዝኛ ደብዳቤ፣ ለኮድ፣ ሰነድ ለማሳጠር ግን አያሳፍሩም። ኔት ባለበት ቀን አውርዱ። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፉና ያወረዳችሁትን ሞዴል አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ከመለሰ ተሳክቷል፤ ካልመለሰ ዛሬውኑ አስተካክሉት፣ ኔቱ ገና አለ።