ደረሰኙ የት ገባ? ከውጭ ሆነው የድርጅትዎን ሰነዶች በዳታቤዝ ሲይዙ

ውጭ ሆኖ ሀገር ቤት ያለ ድርጅት የሚመራ ሰው ሰነድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም ነው። ደረሰኙ ፎቶ ተነስቶ ይላካል፣ «ደርሷል» ይባላል፣ አለቀ። ከወራት በኋላ ሲፈለግ ቻቱን ወደ ላይ ሲያንሸራትቱ መዋል ነው። ስለዚህ ወደ ዳታቤዝ ማዞሩ ተገቢ ነው። ከጅምሩ ግን አንድ ነገር ይወሰን፦ ፋይሉ ራሱ ዳታቤዙ ውስጥ ይግባ ወይስ ፎልደር ላይ ተቀምጦ ዳታቤዙ አድራሻውን ብቻ ይያዝ?

እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ በተለይ ማይክሮሶፍት አክሰስ የሚባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ለሚጠቀም። አክሰስ ከ2007 እትሙ ጀምሮ ፋይል ማያያዝ ይቻልበታል፤ ቀላል ስለሆነም ያጓጓል። ግን አንድ የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። አንድ የስልክ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 500 ያህል ደረሰኝ ሲገባ ቦታው አለቀ ማለት ነው። እንደ ፖስትግሬስኪውኤል ያሉት ሌሎች የዳታቤዝ ፕሮግራሞች በዚህ በኩል ሰፊ ናቸው።

አድራሻውን ሲመዘግቡ ሙሉውን አይጻፉ። የቢሮው ኮምፒውተር ሰነዱን «ዲ» ድራይቭ ላይ አስቀምጦት ይሆናል፤ የእርስዎ ላፕቶፕ ግን ያ ድራይቭ የለውም። ሠራተኛው ሲጫነው ይከፈታል፣ እርስዎ ሲጫኑት «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል። የዳታቤዙ ሠንጠረዥ የፋይሉን ስም ብቻ ይያዝ፤ ዋናው ፎልደር የት እንዳለ በየኮምፒውተሩ ለብቻው ይመዝገብ።

ስሙም በቁጥር ይሁን። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ዊንዶውስ ላይ በደንብ ይከፈታል። አክሰስ ውስጥ ግን «ዲር» በሚባለው የቪቢኤ (የአክሰስ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ትእዛዝ ሲፈለግ ፊደሎቹ ጥያቄ ምልክት ይሆኑና ፋይሉ እያለ የለም ይባላል። ርእሱን፣ የሰጪውን ስምና የሰነዱን ዓይነት ሠንጠረዡ ላይ በአማርኛ ይጻፉ፤ ፋይሉን ግን 2024-03-15-00412 በሚመስል መንገድ ይሰይሙት። ዓመቱ ከቀደመ ፋይሎቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ያንኑ ቁጥር ወረቀቱ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ያስጽፉ፤ ዋናው ሲፈለግ ከካዝናው ቶሎ ይወጣል።

አደራ የምለው ግን ይህን ነው፦ የአክሰሱን ፋይል ድሮፕቦክስ ወይም ጎግል ድራይቭ ላይ አስቀምጣችሁ ከሁለት ሀገር እንዳትከፍቱት። የሰነዶቹ ፎልደር እዚያ ቢሆን ችግር የለውም። ዳታቤዙን ግን ሁለት ሰው እኩል ከከፈተው ሁለት የተለያየ ቅጂ ይፈጠርና የአንዱ ሥራ ይጠፋል። በቪፒኤን፣ ማለትም ከቢሮው ኔትወርክ ጋር በኢንተርኔት በሚያገናኘው መስመር፣ ከሩቅ በቀጥታ መክፈትም ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ፋይሉን ሊያበላሸው ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ኮምፒውተርን ከሩቅ በሚያሠራው ፕሮግራም) የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ገብቶ እዚያው መሥራት ይሻላል። አቅም ካለ ደግሞ ሠንጠረዦቹን ሰርቨር (ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ኮምፒውተር) ላይ ማድረግ።

ሠራተኛው ሰነድ ማስገባት ይችል፣ መሰረዝ ግን አይችል። ይህ አለመተማመን አይደለም። ሰነድ ሲጠፋ መጀመሪያ ጣት የሚቀሰርበት እሱ ስለሆነ ለራሱም መከላከያው ነው። ስካኑ ከተበላሸ አዲሱ ይጨመር፣ አሮጌው ላይ «ተተክቷል» ተብሎ ምልክት ይደረግ። ክልከላው ፎልደሩንም ይጨምር፤ አለበለዚያ ዳታቤዙ ላይ የተከለከለው ከፎልደሩ በቀጥታ ይሰረዛል።

ባክአፕ ሲደረግ ዳታቤዙና ፎልደሩ በአንድ ምሽት አብረው ይቀዱ። ካልሆነ መዝገቡ የሚጠራው ፋይል ቅጂው ውስጥ አይኖርም። በየወሩም ከባክአፑ አንድ ደረሰኝ መርጠው፣ ካሉበት ሀገር ሆነው ይክፈቱት።