በናርሲንግ ሆም ለምንሠራ፦ ተህዋሲያንን ከክፍል ወደ ክፍል ላለማሻገር

አሜሪካ ውስጥ ናርሲንግ ሆም በምንላቸው የረጅም ጊዜ መንከባከቢያ ተቋማት፣ በተለይ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያና በሚኒሶታ፣ በሲኤንኤነት፣ ማለትም የምስክር ወረቀት ባለው የነርስ ረዳትነት፣ የሚሠራው ወገናችን ቁጥር ቀላል አይደለም። ሥልጠናውን በእንግሊዝኛ ወስደን፣ ፈተናውን አልፈን ሥራ ስንጀምር “ይህን አድርጉ፣ ያንን አታድርጉ” የሚለውን በቃል ይዘን እንገባለን። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ በደንብ አይብራራልንም፤ ምክንያቱን ያላወቅነው ትእዛዝ ደግሞ ሥራ በበዛበት ሰዓት መጀመሪያ የሚቀር ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከደንቡ ይልቅ ምክንያቱ ላይ ያተኩራል። የተቋማችሁን መመሪያ አይተካም፤ ልዩነት ካለ የእነሱ ይቀድማል።

ናርሲንግ ሆም ከሆስፒታል የሚለየው ነዋሪው ለወራትና ለዓመታት እዚያው የሚኖር፣ በጋራ የሚበላ፣ ብዙ ጊዜም ክፍል የሚጋራ በመሆኑ ነው። ዕድሜ ሰውነቱን አድክሞታል፤ አንዳንዱ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ወይም የምግብ ቱቦ አለው፣ አንዳንዱ የአልጋ ቁስል አለበት። እሱ ከአልጋው ባይነሳም እኛ በአንድ ፈረቃ ስምንት፣ አሥር ክፍል እንገባለን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በዋሽንግተን ግዛት ከርክላንድ ከተማ በአንድ ናርሲንግ ሆም ኮቪድ ሲዛመት ጉዳዩን የመረመሩት የጤና ባለሙያዎች ለሥርጭቱ አስተዋጽኦ አድርገዋል ካሏቸው ነገሮች መካከል ሕመም እየተሰማቸው የሠሩ ሠራተኞች፣ ከአንድ በላይ ተቋም ውስጥ የሚሠሩ ሠራተኞች፣ እንዲሁም የመከላከያ ልብስ አጠቃቀምን በደንብ አለማወቅ ይገኙበታል። ሁለት ሥራ የምንሠራ ሰዎች ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ማንበብ ይኖርብናል።

ከሁሉ የሚቀድመው እጅ ነው። እጅ የሚጸዳው ነዋሪውን ከመንካት በፊት፣ እንደ ቁስል ወይም ካቴተር ያለ ንጹህ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነካን በኋላ፣ ነዋሪውን ከነካን በኋላ እና በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካን በኋላ ነው። የሚረሳው የመጨረሻው ነው። “ሰውየውን አልነካሁትም፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ብቻ ነው ያቀበልኩት” ይባላል፤ ሪሞቱ፣ የጥሪ ደወሉና የአልጋው መከለያ ብረት ግን ቀኑን ሙሉ የነዋሪው እጅ ያረፈባቸው ናቸው። እጃችን ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ይበቃል፤ እጁ እስኪደርቅ መታሸት አለበት እንጂ በልብስ መጠረግ የለበትም። ቆሻሻ ከታየ ግን ውኃና ሳሙና የግድ ነው።

ሳኒታይዘር የማይበቃባቸው ሁለት ሕመሞች በሥራችን ተደጋግመው ይመጣሉ። አንደኛው ሲ ዲፍ ነው፤ አንቲባዮቲክ የወሰዱ አረጋውያንን የሚያጠቃ፣ ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሲሆን፣ አልኮል የማይገድለው ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር ትቶ ይሄዳል። ይህ ዘር በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ከእጅ ይወገዳል፤ ክፍሉ ደግሞ በበረኪና ወይም ለዚሁ በተመረተ ማጽጃ ይጸዳል። ሁለተኛው ኖሮቫይረስ ነው፤ ትውከትና ተቅማጥ አስከትሎ አንድን ፎቅ በሁለት ቀን ሊያዳርስ ይችላል። አንድ ነዋሪ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ከወጣው ፈረቃው እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ለነርሷ ንገሩ።

ስለ ጓንት ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፍ፣ ምክንያቱም ብዙው ስሕተት የሚፈጸመው ጓንት ስላደረግን ንጹሕ የሆንን ሲመስለን ነው። ጓንቱ የሚጠብቀው በዋናነት እኛን ነው፤ ነዋሪውን የሚጠብቀው በጊዜው የተቀየረ ጓንት ነው። ዳይፐር ስንቀይር የሚሆነውን እናስተውል። የቆሸሸውን አውጥተን፣ አጽድተን፣ በዚያው ጓንት ንጹሑን ዳይፐር እናነሳለን፤ ቅባቱን ረስተን ከነበረ የመሳቢያውን እጀታ እንስባለን፤ የቅባቱን ቱቦ እንጨብጣለን፤ ጨርሰን መጋረጃውን እንገልጣለን። መጋረጃው በየቀኑ አይታጠብም፤ ቀጥሎ የሚነካው የክፍሉ ተጋሪ፣ ጎብኚ ወይም ሌላዋ ሲኤንኤ ናት። መፍትሔው ከመጀመራችን በፊት ነው ያለው፦ መጋረጃውን በንጹሕ እጅ ጋርዱ፣ ዳይፐሩን፣ ቅባቱን፣ እርጥብ መጥረጊያውን፣ የቆሻሻ ከረጢቱንና ትርፍ ጓንት እጅ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ። አጽድታችሁ ስትጨርሱ ጓንቱን አውልቁ፣ እጃችሁን አጽዱ፣ አዲስ ጓንት አድርጋችሁ ንጹሑን አልብሱ። የሚፈጀው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ሁለት ጓንት ደርቦ የላይኛውን ብቻ ማውለቅ እጅን ማጽዳትን አይተካም፤ ጓንት ለብሶ ኮሪደር ላይ መሄድም ፈጽሞ አይገባም።

የመከላከያ ልብስ ሲለበስ ቅደም ተከተሉ ጋውን፣ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ፣ በመጨረሻም የጋውኑን እጅጌ የሚሸፍን ጓንት ነው። አለባበሱ ላይ ብዙ ሰው አይሳሳትም፤ የሚበከለው ሲያወልቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ቅደም ተከተል ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ ጋውን፣ መጨረሻ ላይ ማስክ ነው፤ የጋውኑ ውጫዊ ክፍል ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ይወልቃል፣ ማስኩም ከፊት ሳይሆን በማሰሪያው ይያዛል። በመካከል እጅ ከተበከለ ወዲያው ይጸዳል፣ ሁሉም ካለቀ በኋላም እንደገና ይጸዳል። ኤን95 የሚባለው አየር አጣሪ ጥብቅ ማስክ የተሰጣችሁ ከሆነ በየዓመቱ ፊታችሁ ላይ መግጠሙ መፈተን አለበት፤ ጺም ያለው ወንድ ላይ ጥብቅ ሆኖ ስለማይገጥም ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት ናርሲንግ ሆሞች ላይ የጣለው አንድ ግዴታ ብዙ ሠራተኛ ግራ አጋብቷል። ቁስል ያለበት፣ ወይም ካቴተር፣ የምግብ ቱቦና የመሳሰለው የገባለት ነዋሪ፣ ምንም ኢንፌክሽን ባይገኝበትም፣ ሰውነት ለሰውነት በሚያቀራርብ ሥራ ጊዜ ጋውንና ጓንት ይለበስለታል። መድኃኒት የማይበግራቸው ተህዋሲያን ያለባቸውም እንዲሁ። ሥራዎቹ ማልበስ፣ ማጠብ፣ ከአልጋ ማንሳት፣ ዳይፐር መቀየር፣ አንሶላ መቀየር፣ ቱቦ መንካትና ቁስል ማከም ናቸው። ውኃ ለማቀበል ወይም ለማጫወት ከገባችሁ ጋውን አያስፈልግም። ነዋሪው ተገልሎ የሚቀመጥም አይደለም፤ ወደ ምግብ አዳራሹ ይሄዳል፣ ከሰው ጋር ይቀመጣል። በራቸው ላይ የተለጠፈው ምልክት ያልገባችሁ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

እዚህ ላይ በመመሪያ የማይጻፍ ነገር አለ። በእኛ ባህል በጓንት መነካት እንደ መጸየፍ ሊቆጠር ይችላል፤ የአገራችን ሰው የሆኑ አንዲት እናት ጋውን ለብሼ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረውብኝ ያውቃሉ። “እማማ፣ ይህን የለበስኩት እርስዎን ተጸይፌ አይደለም፤ ከሌላ ክፍል ይዤ የመጣሁት ነገር ቢኖር በቁስልዎ እንዳይገባብዎ ነው” ስላቸው ዘወር አሉ። ለሁሉም ነዋሪ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ከመጀመራችን በፊት ይህን ያህል መናገር ይገባል።

ካቴተር ያለው ሰው ሲነሳ ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛው በታች መሆን አለበት፤ ለአመቺነት አልጋው ላይ ከተቀመጠ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወለልም አይንካ። ሴትን ስታጸዱ ከፊት ወደ ኋላ ነው። የቆሸሸ አንሶላ አይራገፍም፣ ደረት ላይ ታቅፎ አይሄድም፣ ወለል ላይም አይጣልም፤ እዚያው አልጋው አጠገብ ከረጢት ውስጥ ይገባል።

የደም ግፊት መለኪያና ሰው ማንሻ ማሽን ከአንዱ ነዋሪ ወደ ሌላው ከማለፋቸው በፊት ይጸዳሉ። በማጽጃው መጥረጊያ ዕቃ ላይ ስንት ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት እንዳለበት ተጽፏል፤ አንዳንዱ አንድ፣ አንዳንዱ ሦስት ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጠርጎ ወዲያው በደረቅ ፎጣ ማድረቅ ማጽጃውን ሥራ ሳይጀምር ማባረር ነው። የደም ስኳር የምትለኩ ከሆነ ጣት መውጊያው ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የኢንሱሊን ብዕርም መርፌው ቢቀየር እንኳ ለሌላ ሰው አይውልም። ሄፓታይተስ ቢ በዚህ መንገድ በአረጋውያን ተቋማት ውስጥ ተዛምቶ ያውቃል። ያገለገለ መርፌ በስሕተት እናንተን ከወጋችሁ ቦታውን በሳሙናና በውኃ ታጥባችሁ ያን ሰዓት ለኃላፊው ንገሩ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ካስፈለገ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል።

አረጋዊ ሰው ሲታመም እንደ ወጣት አያተኩሰውም። በአፍ የተለካ 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 100 ፋራናይት፣ ካለፈ ትኩሳት ነው፤ ከወትሮው ሙቀቱ ከ1.1 ዲግሪ በላይ ከጨመረም እንዲሁ። አንዳንዴ ግን ምልክቱ ሌላ ነው፦ ትናንት ስምሽን የጠራሽ ዛሬ ግራ ይጋባል፣ ቁርሱን ይተዋል፣ ሳይታሰብ ይወድቃል። ይህን ቀድማ የምታየው ሐኪሟ ሳትሆን የምታጥበውና የምታበላው ሲኤንኤ ናት። ስለዚህ “ዛሬ ልክ አይደለም” የሚለውን ስሜት ምን እንዳያችሁ ጨምራችሁ ተናገሩ፣ አስመዝግቡም።

የራሳችን ሕመም ከባዱ ነው፤ አንድ ፈረቃ መቅረት የቤት ኪራይ የሚጎድልበትን ሰው “ቅሪ” ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ትውከትና ተቅማጥ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ሥራ አይገባም፤ ቫይረሱ ከዚያም በኋላ ከሰውነት ይወጣልና። ትኩሳትና ሳል ካለም ከመግባት በፊት ይደወላል። ለሁለት ተቋም የምትሠሩ፣ በአንዱ ወረርሽኝ ሲነሳ ለሌላው አሳውቁ። የሚከፈል የሕመም ፈቃድ እንዳላችሁ ከመታመማችሁ በፊት ጠይቃችሁ እወቁ፤ በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታና በዋሽንግተን ግዛት ሕግ አለ። የጉንፋን ክትባት በየዓመቱ ውሰዱ፤ ከደም ጋር የሚያገናኝ ሥራ ላለው ሠራተኛ ደግሞ አሠሪው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው።

ፈረቃው ሲያልቅ ስልካችሁን በማጽጃ ጥረጉት፣ በጓንት ይዛችሁት ሊሆን ይችላልና። ቤት ስትደርሱ ጫማው በር ላይ ይቅር፣ የሥራ ልብሱ ሶፋ ላይ ሳያርፍ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይግባ፤ ልጆቹን ማቀፉ እጅ ከታጠበ በኋላ ይሁን።