ያለ ተጋጣሚ ፑል፦ ለብቻ የሚጫወቷቸው አራት የልምምድ ጨዋታዎች

ፑል ቤት ውስጥ ከፋዩ ተሸናፊው ነው። ይህን ሕግ በኪሴ ነው የማውቀው። ለረጅም ጊዜ በየቅዳሜው የአንድ ጓደኛዬን ሂሳብ ስዘጋ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ስቲኩን፣ ማለትም የኳስ መምቻውን እንጨት፣ እያስቀመጠ፣ "አንተ እኮ ሁልጊዜ የምትስተው አንድ ዓይነት ኳስ ነው" አለኝ። እውነቱን ነበር። ችግሩ፣ ጨዋታ ላይ የሳቱትን ኳስ መልሶ መሞከር የለም። ተራው ያልፋል፣ ስህተቱም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆያል።

መፍትሔው ለብቻ መጫወት ነው። ዝም ብሎ ኳስ መደብደብ ማለቴ ግን አይደለም። ነጥብ ያለው፣ ብቻችሁንም ሆናችሁ መሸነፍ የምትችሉበት ጨዋታ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ሰዓቱን ምረጡ። ጠዋት ጠረጴዛው ባዶ ስለሆነ፣ በጨዋታ ሳይሆን በሰዓት እንዲያስከፍሏችሁ ተደራደሩ። አመሻሽ ላይ ተራ ጠባቂው ሲበዛ ማንም አይሰማችሁም። የገባ ኳስ ሆዱ ውስጥ የሚቆለፍበት ጠረጴዛ አይመችም፤ መረብ ያለው ይሻላል። ስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አንከባሉት። ጫፉ እየዘለለ ከሄደ ጠማማ ነውና ሌላ ምረጡ። እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀትም ያዙ።

አንድ፦ ነጯ ብቻ

በረጅሙ ጠርዝ እንጨት ላይ፣ ከማዕዘኑ እስከ መሃል ቀዳዳ ሦስት ነጠብጣቦች አሉ። ከአጭሩ ጠርዝ ስትነሱ በሁለተኛው ነጠብጣብ ትይዩ፣ ጠረጴዛው መሃል ላይ ነጯን፣ ማለትም በስቲኩ የምትመታዋን ኳስ፣ አስቀምጡ። ቀጥታ ወደ ማዶው አጭር ጠርዝ ምቷት። ከመታችሁ በኋላ ስቲኩን ከቦታው አታንቀሳቅሱት። ነጯ ተመልሳ የስቲኩን ጫፍ ከነካች አንድ ነጥብ አገኛችሁ። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሄደች መሃሏን አልመታችሁም ማለት ነው። አሥር ጊዜ ሞክሩና ውጤቱን ጻፉ። እኔ መጀመሪያ ቀን ሁለት አገኘሁ። ለካ እስከዚያ ድረስ ቀጥታ መምታት የምችል መስሎኝ ነበር።

ሁለት፦ "ቁም"

ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው።

አንድ ባለቀለም ኳስ ከማዕዘን ቀዳዳ ሦስት ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ነጯን ከኋላው በአንድ ስንዝር ርቀት፣ ከቀዳዳው ጋር አንድ መስመር ላይ አድርጓት። ባለቀለሙ መግባት፣ ነጯ ደግሞ በተጋጩበት ቦታ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። መዳፍ የምታህል ቦታ ካለፈች አይቆጠርም። ሲሳካ ነጯን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አርቋት፣ ሲከሽፍ አንድ ስንዝር አቅርቧት። አሥራ አምስት ምት ስትጨርሱ የደረሳችሁበት ትልቁ ርቀት የዕለቱ ውጤታችሁ ነው።

ከቅርብ ርቀት ቀላል ነው። ነጯ መሃሏን ስትመታ ገና ሳትንከባለል እየተንሸራተተች ትደርስና ፍጥነቷን በሙሉ ለሌላው ኳስ አስረክባ ትቆማለች። ርቀቱ ሲጨምር ግን ጨርቁ እየያዘ ያንከባልላታል፤ ተጋጭታም ወደፊት ትቀጥላለች። ብዙ ጊዜ ነጯ ተከትላ ቀዳዳ ውስጥ የምትገባብን ለዚህ ነው። ስለዚህ ስትርቁ ከመሃሏ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ምቱ። የኳሱ ስፋት ባብዛኛው 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የስቲኩ ጫፍ ደግሞ 13 አካባቢ። ከመሃል ወደ ታች አንድ የጫፍ ስፋት ለመነሻ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከወረዳችሁ ስቲኩ ይንሸራተታል። የስቲኩን ጫፍ ቾክ መቀባትም አትርሱ፣ በየምቱ። ጨርቁ ላይ ግን በቾክ ምልክት አታድርጉ፤ ባለቤቱ ይቆጣል፣ አይፈረድበትም።

ሦስት፦ ከማይታየው ሰው ጋር

ሦስት ኳሶች እንዳጋጣሚ በትኑ። ነጯን የፈለጋችሁበት ቦታ በእጃችሁ አስቀምጡ። ሦስቱንም ሳትስቱ ካስገባችሁ ዙሩ የእናንተ ነው። አንዴ ከሳታችሁ ወይም ነጯ ከገባች የእሱ ነው። እሱ ደግሞ አይስትም። ቀድሞ አምስት የደረሰ ያሸንፋል።

የመጀመሪያው ሳምንት አምስት ለዜሮ ስለሚሆን አትደንግጡ። እኔን ያዳነኝ ከመጨረሻው መጀመር ነው። ለቀዳዳ በጣም የቀረበውን ኳስ ለመጨረሻ ተዉት፤ ከዚያ ወደ ኋላ አስቡ። ሁለተኛውን አስገብቼ ነጯ የት ብትቆም ነው እሱን የማገኘው? ከመምታታችሁ በፊት ቀጣዩን ኳስ ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ካሸነፋችሁት ኳሱን አራት፣ ከዚያ አምስት አድርጉ። ስትበረቱ ደግሞ "ዘጠኝ ኳስ" የሚባለውን ጨዋታ እንደሚጫወቱት በቁጥር ቅደም ተከተል ሞክሩት።

አራት፦ ቆጠራ

አሥራ አምስቱንም በትኑ። ማንኛውም ኳስ አንድ ነጥብ ነው፤ የትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሲስቱ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። አሥራ አራቱ ገብተው አንድ ሲቀር፣ አሥራ አራቱን መልሳችሁ ደርድሩና ቀጥሉ። ለጀማሪ አምስት ጥሩ ነው፤ ስምንት ከደረሳችሁ ወረቀቱን አስቀምጡት።

የዚህ ጨዋታ ታዋቂ ቆጠራ የአሜሪካዊው ዊሊ ሞስኮኒ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ሳይስት 526 ኳስ አስገብቷል። ልጅ ሳለ አባቱ እንዳይጫወት ኳሶቹን ሲቆልፍበት፣ በመጥረጊያ እንጨት ድንች እየመታ ይለማመድ እንደነበር ይነገራል። ስለዚህ "የራሴ ስቲክ ስለሌለኝ ነው" የሚለው ሰበብ ብዙም አያስኬድም።

አንድ ሰዓት ካላችሁ፣ ለነጯ አሥር ደቂቃ፣ ለ"ቁም" ሃያ፣ ቀሪውን ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ስጡ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትሞክሩ፤ እጅ ሲደክም መጥፎ ልማድ ይይዛል።

ጓደኛ ከመጣ "ቁም"ን በየተራ ተጫወቱት። ጎበዙ ከአራት ስንዝር ይጀምር። ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል ግን ቀድማችሁ ተስማሙ። የእኔው ጓደኛ ሲሸነፍ "ይህማ ልምምድ ነው" ማለት ጀምሯል።