ልጆቻችን ታኮማ ፓርክ ካውንስል ፊት ቀርበው ጥያቄያቸውን እንዴት ያሰማሉ

ታኮማ ፓርክ ሜሪላንድ የምትኖሩ ይሄን ለልጆቻችሁም አሳዩዋቸው። ከተማዋ ትንሽ ናት ግን በ2013 ለከተማ ምርጫ እድሜውን ወደ 16 ዝቅ በማድረግ ከአሜሪካ የመጀመሪያዋ ናት፣ ሲቲዝን ያልሆነ ነዋሪም ከንቲባና ካውንስል (የከተማውን ምክር ቤት) መምረጥ ይችላል፣ ስለዚህ ግሪን ካርድ ያላት እናትና የ16 አመት ልጇ አብረው ሄደው ይመርጣሉ ማለት ነው (የስቴትና የፌደራሉን ግን ሲቲዝን ሳትሆኑ እንዳትነኩት፣ ጣጣው ብዙ ነው)።

መጀመሪያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ አጣሩ፣ ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ጋ ነው። ት/ቤት ውስጥ ጥቁር ልጆች ላይ ቅጣት ይበዛል የምትሉ ከሆነ የከተማው ካውንስል ምንም አያደርግላችሁም፣ ወደ ካውንቲው የትምህርት ቦርድ ነው፣ እዛ ራሳቸው ተማሪዎች የመረጡት አባል ስላለ ለሱ ፃፉ። ራይድ ኦን ባስ የካውንቲው፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ የስቴቱ ነው። የከተማው ፖሊስ፣ የወጣቶች ፕሮግራም፣ የሰፈር ውስጥ መንገድ፣ እነዚህ ናቸው የካውንስሉ።

ቀጥሎ ሰው ማሰባሰብ። ሀበሻ ለብቻው ባይሄድ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆም የማን ልጅ ነህ ብሎ አይለይም፣ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተክርስቲያኖችና ኤን ደብል ኤ ሲ ፒ (የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማህበር) ደግሞ ይሄን ስራ ድሮ ያውቁታል፣ እዚሁ ባልቲሞር ሁዋኒታ ጃክሰን በ1930ዎቹ ወጣቶችን አደራጅታ ጥቁር የማይቀጥሩ ሱቆች ላይ አድማ አስመትታለች።

ንግግሩን ልጁ ራሱ ይፃፈው፣ በናታችሁ አትፃፉለት፣ ያስታውቃል። የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ጥያቄው መጀመሪያ ላይ ይምጣ (ዋርድ ማለት የከተማው የምርጫ ክልል ነው)፦ «እገሌ እባላለሁ፣ ዋርድ 6 ነው የምኖረው፣ የምጠይቀው የወጣቶች ፕሮግራሙ ቅዳሜ ማታም እንዲኖር ነው።» ከዛ በኋላ አንድ ያየውን ነገር ይናገር፣ በቃ። ስልክ ላይ ከማንበብ ትልቅ ፊደል ፕሪንት አድርጎ መያዝ ይሻላል፣ ቤት ውስጥም ጮክ ብሎ ሰዓት ተይዞበት ይለማመድ። ካውንስሎቹ እዛው መልስ ባይሰጡት አይደንግጥ፣ አሰራራቸው ነው።

በማግስቱ ለዋርዳችሁ ተወካይ ኢሜይል ላኩ። ብር የሚጠይቅ ነገር ከሆነ ደግሞ ጊዜውን እዩ፣ የበጀት አመቱ ጁላይ 1 ስለሚጀምር የበጀቱ ውይይት ስፕሪንግ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ሰመር ላይ ብትመጡ ለሚቀጥለው አመት ነው የሚሏችሁ።