ከአክራ እስከ ኪንግስተን፦ በአፍሪካና በካሪቢያን ስትማሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ሴሚስተር ጋና፣ ቀጣዩን ሴሚስተር ደግሞ ጃማይካ ተምሬያለሁ። ከመሄዴ በፊት ስለ አውሮፓና ስለ አሜሪካ ትምህርት የሚመክረኝ ሰው ሞልቶ ነበር። ስለ አክራና ስለ ኪንግስተን ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። «አፍሪካ አይደል እንዴ? ጃማይካስ ብትሆን ይወዱን የለ? ምን ያስቸግርሃል?» ይሉኛል። እኔም እንደዚያው አስቤ ሄድኩ። ከሠራኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ነው። ሰው የማያውቀው አገር ሲሄድ ይጠነቀቃል። አውቀዋለሁ ያለው አገር ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚገባው።

«የኛው ነው» ብሎ መግባት

አክራ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ትሮትሮ ተሳፈርኩ። ትሮትሮ የነሱ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ረዳቱን «ሜት» ይሉታል። ቀኝ እጄ ቦርሳ ይዞ ስለነበር ሒሳቡን በግራዬ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት እጄን ቀስ አድርገው መለሱና «በቀኝህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ጋና ውስጥ በግራ እጅ መስጠት፣ መቀበልና መጠቆም እንደ ንቀት ይቆጠራል። ሰላም ለማለት ማውለብለብ እንኳ በቀኝ ነው። እኛም ዘንድ በግራ እጅ መጉረስ ነውር ስለሆነ ነገሩ አይገርመንም። የሚያሳስተን ይህ መመሳሰሉ ነው። የኛ ከማዕድ ብዙም አያልፍም፣ የነሱ ግን ገበያም፣ ታክሲም፣ ክፍል ውስጥም አለ። ቀኛችሁ ከተያዘ ቢያንስ «ስለ ግራዬ ይቅርታ» በሉ።

ሰላምታም እንዲሁ ነው። ሰዎች ተሰብስበው ወደተቀመጡበት ስትገቡ ከቀኝ ጀምራችሁ ወደ ግራ እየጨበጣችሁ ትሄዳላችሁ። ሱቅ ገብቶ «ውሃ አለ?» ብሎ መጀመር ባለጌ ያሰኛል። ጃማይካም ታክሲ ውስጥ ወይም ክሊኒክ ስትገቡ መጀመሪያ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ «ጉድ ሞርኒንግ» ነው። አንድም የማውቀው ሰው በሌለበት ቤት ሰላምታ ማቅረብ መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። በኋላ ግን በጣም ወደድኩት።

ታንዛኒያ ለምትሄዱ ደግሞ፦ ለትልቅ ሰው «ጃምቦ» አይባልም። «ሺካሞ» ነው የሚባለው፣ እሳቸውም «ማራሃባ» ብለው ይመልሳሉ። ሰዓትም በስዋሂሊ እንደኛው ነው የሚቆጠረው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ይላሉ። የዩኒቨርሲቲው የክፍል ፕሮግራም ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚወጣ ሁለቱን አታደባልቁ።

ወረቀቱን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት

የልደት ቀናችሁ በአንዱ ሰነድ ላይ በኛ አቆጣጠር፣ በሌላው ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ከተጻፈ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል። ለኛ ግልጽ ነው። የውጭ አገር ሬጅስትራር ግን የሁለት ሰው ማስረጃ ነው የሚመስለው። ስምም እንደዚሁ። አንዱ ቅጽ ላይ የአባታችሁን፣ ሌላው ላይ የአያታችሁን ስም የቤተሰብ ስም አድርጋችሁ ከሞላችሁ ፋይላችሁ ለሁለት ይከፈላል። እኔ የተማሪ ቁጥሬን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ ያውም በዚህች ምክንያት ብቻ። ሁሉንም በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው አድርጉት።

የቢጫ ወባ ክትባትም ለነገ አይባልም። ጋና ያለ ክትባት ካርዱ አታስገባም። ጃማይካ ደግሞ በሽታው ካለባቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ ትጠይቃለች፣ ጋናም ከነዚያ አንዷ ናት። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ትራንዚት ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ጃማይካ የሚደረገው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ በኩል ይዞራል። አሜሪካ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ ቪዛ ያስፈልጋል። የሸንገን አገሮችም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የቲኬቱን ዋጋ ከማየታችሁ በፊት መንገዱን እዩ።

ፈተናው እስኪደርስ መዝናናት

ሌጎን ያለው የጋና ዩኒቨርሲቲና ሞና ያለው የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም የተመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሁለቱም ሲጀመሩ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚመሩ ኮሌጆች ነበሩ። ያ የእንግሊዝ ልማድ ዛሬም አለ። በየሳምንቱ ኩዊዝ የለም፣ የሚያሳድዳችሁም የለም። ከዚያ በሴሚስተሩ መጨረሻ ትልቁን ነጥብ የያዘው ፈተና ይመጣል። ድርሰት ነው፤ የመምህሩን ኖት መልሶ መጻፍ ብዙ ነጥብ አያስገኝም። በዚህ ልማድ በድርሰት 70 ማግኘት ጥሩ ውጤት ስለሆነ ቁጥሩን አይታችሁ አትደንግጡ።

ከሁሉም በላይ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አንድ የወደድኩትን ኮርስ ስመለስ የትምህርት ክፍሌ አልቆጠረልኝም። ከመሄዴ በፊት በቃል «ችግር የለውም» ተብዬ ነበር። በጽሑፍ ተቀበሉ። የኮርሱን ዝርዝር፣ የንባብ ዝርዝሩንና የሠራችሁትን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ተመለሱ።

ኤልሚናን እንደ ሽርሽር ማየት

ከአክራ ወደ ምዕራብ፣ በባሕሩ ዳርቻ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ኬፕ ኮስት አለ። ትንሽ አለፍ ሲሉ ኤልሚና። የኤልሚናን ምሽግ ፖርቱጋሎች መገንባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1482 ነው፤ በ1637 ሆላንዶች ነጠቋቸው። ኬፕ ኮስት ደግሞ የእንግሊዞች ዋና ምሽግ ነበር። በባርነት የተያዙ ሰዎች ከነዚህ ግንቦች ሥር ካሉት ጨለማ ክፍሎች ወጥተው ነው መርከብ ላይ የተጫኑት። ኬፕ ኮስት ላይ ጸሎት ቤቱ የተሠራው ወንዶቹ ከታጎሩበት ክፍል በላይ ነው። ከላይ ይዘመራል፣ ከታች ሰው ይሞታል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ፈገግ ብሎ ሰልፊ መነሳት ስህተት መሆኑን ማንም አይነግራችሁም፤ ዙሪያችሁን ካያችሁ ትረዱታላችሁ። ከካሪቢያንና ከአሜሪካ የመጡ ሰዎች ግድግዳውን ይዘው ያለቅሳሉ። እኔ ፎቶ አልተነሳሁም። የባሰ ነገር ግን ተናገርኩ። ስንወጣ ለክፍል ጓደኛዬ «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ይሄ የኛ ታሪክ አይደለም» አልኳት። ዝም አለችኝ። እስክንመለስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ብዙዎቻችን ሻንጣችን ውስጥ ይዘን ነው የምንሄደው። ዓድዋ የሚያኮራ ነው፣ እዚያም ያከብሩታል። ግን ሰው ሐዘን ላይ ሲቀመጥ የሚወራ አይደለም። ደግሞም እውነት አይደለም። እኛም አገር ሰው ይሸጥ ነበር። ባርነትን ሙሉ በሙሉ የከለከለው አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ጓደኛዬን ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ስለ አያቶቻችን ብዙ አወራን።

ጃማይካን ከጋና ነጥሎ ማየት

የጋና ሕዝብ የሆኑት አካኖች ልጅ በተወለደበት ቀን ስም ያወጣሉ። ሰኞ የተወለደ ወንድ ኮጆ፣ ቅዳሜ የተወለደ ኳሜ ነው። እኔ ቅዳሜ ስለሆንኩ ዶርም ውስጥ ኳሜ ሆኜ ከረምኩ። ጃማይካ ስደርስ ስለ ማሩኖች ተማርን። ማሩኖች ከባርነት አምልጠው ተራራ ላይ የኖሩ ተዋጊዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1739 እንግሊዞችን ስምምነት ያስፈረመው መሪያቸው «ከጆ» ይባላል። ኮጆ ማለት ነው! ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ተረታቸውም አንድ ነው፤ ብልጡ ሸረሪት አናንሲ በአክራም በኪንግስተንም ልጆችን ያስቃል።

ጃማይካውያን እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ፓትዋንም «የተሰባበረ እንግሊዝኛ» እንዳትሉ። የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ አንተንም እናንተንም በአንድ ቃል ይጠቀልላል። ፓትዋ ግን ለእናንተ «ኡኑ» የሚል ቃል አለው፣ ከናይጄሪያው የኢግቦ ቋንቋ የመጣ። በሁለተኛው ቀን ፓትዋ ለመናገር መሞከርም ደስ አያሰኝም። መጀመሪያ አዳምጡ።

ከራስታዎች ጋር ስለ ጃንሆይ መከራከር

ኢትዮጵያዊ መሆናችሁ ሲታወቅ ጃማይካ ውስጥ የሚሆነውን ማንም አያዘጋጃችሁም። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አገሬን ጠይቀውኝ ስነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። እኔ ሳቅሁ። ደንግጬ ነው የሳቅሁት፣ ቢሆንም ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

ጃንሆይ ኪንግስተን የገቡት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር አፕሪል 21 ቀን 1966። ቀኑን ራስታዎች እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያከብሩታል። ከዚያ በፊት በዚህ እምነታቸው ተደብድበዋል፣ ታስረዋል፣ ፀጉራቸው በግድ ተላጭቷል። እ.ኤ.አ. በ1963 ኮራል ጋርደንስ ላይ ከተነሳው ግጭት በኋላ ፖሊስ በየቦታው አሳደዳቸው። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቃቸው በ2017 ነው። የአገራችንን ስም ይዘው ነው ይህን ሁሉ የተቀበሉት። ስለ አብዮቱና ስለ ረሀቡ የምታውቁትን እንደ ማስረጃ መደርደር፣ «ተሳስታችኋል» ማለት፣ ሲበዛ ጨካኝነት ነው። ታሪኩን ከጠየቋችሁ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ ከኛ በላይ ያነበቡ ናቸው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ከኢትዮጵያ ስለመጡ ብቻ እንደ ቅዱስ መከበርን መውደድ፣ ነጻ ምሳና ነጻ ታክሲ መልመድ። እንዲህ ያደረገ አውቃለሁ፣ ያሳፍራል። እኔን ፊደል አስተምረን አሉኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሀ ሁ ሂ ስንል ከረምን። የሳቅሁባቸው ሽማግሌ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር።

ሕግንና ወቅትን አለማወቅ

ወታደራዊ ዝንጉርጉር ልብስ ሻንጣችሁ ውስጥ አታስገቡ። በጃማይካ፣ በባርቤዶስ፣ በትሪኒዳድና ቶቤጎ ሲቪል ሰው መልበሱ ሕገወጥ ነው። ካናቢስን በተመለከተ «ጃማይካ ተፈቅዷል» የሚለው ወሬ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሕግ ሁለት አውንስ፣ ማለትም 56 ግራም ያህል መያዝን ከወንጀል ወደ ቅጣት ክፍያ ዝቅ አደረገው እንጂ ነጻ አላደረገውም። ኤርፖርት ላይ ከተያዘ ደግሞ ፍጹም ሌላ ነገር ነው።

ዋጋ ስትጠይቁ «በየትኛው ዶላር?» በሉ፤ የጃማይካ ዶላርና የአሜሪካ ዶላር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የሀሪኬን፣ ማለትም የከባድ አውሎ ነፋስ፣ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር እዚያው ውስጥ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ቤሪል የተባለው ሀሪኬን የግሬናዳን ካሪያኩ ደሴት አውድሞ በጃማይካ ደቡብ በኩል አለፈ። እኔ በጃንዋሪ ስለገባሁ አላጋጠመኝም። የፓስፖርት ኮፒ፣ ውሃ፣ የእጅ ባትሪና ቻርጅ የሆነ ፓወር ባንክ ግን አንድ ቦርሳ ውስጥ ይኑራችሁ።

«አፍሪካዊ ነኝ፣ ወባ አይደፍረኝም»

ደጋ ያደገ ኢትዮጵያዊ ለወባ ከፈረንጅ የተሻለ መከላከያ የለውም። የጋናው ወባ በብዛት ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ገዳዩ ዓይነት ነው። የመከላከያ ክኒኑን አገሩን ከለቀቃችሁ በኋላም መጨረስ አለባችሁ፤ እንደ ዓይነቱ ለአንድ ሳምንት ወይም ለአራት ሳምንት።

እኔ ኪንግስተን እንደገባሁ አቆምኩት። ጃማይካ ወባ የለም፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘኝ። የዶርም ልጆች ዴንጌ ነው አሉ፤ ካሪቢያን ውስጥ በቀን የምትነክስ ትንኝ የምታመጣው በሽታ ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እንዳልወስድ ከለከሉኝ። ትክክል ነበሩ፤ በዴንጌ ላይ ደም መፍሰስ ያባብሳሉ። ክሊኒክ ስሄድም ሐኪሙ ዴንጌ ነው የጠረጠረው።

ልወጣ ስል ነርሷ «ከዚህ በፊት የት ነበርክ?» አለችኝ። ጋና ነበርኩ አልኳት። መልሳ አስቀመጠችኝና ጣቴን ወጋች። ወባ ነበር። ግማሹ ያልተነካው የክኒን እሽግ ዶርሜ ውስጥ፣ ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ነበር።