ቮልሳችሁን ከመፋቃችሁ በፊት

አንድ ልጅ የአያቱን ቮልስ በጭነት መኪና አስጭኖ ጋራዥ ድረስ አመጣልኝ። ቀለሙን ሁለት ወር ሙሉ ዩቲዩብ እያየ ለብቻው ፍቆታል። ነጭ ላሜራ ብቻ ነው የቀረው፤ ከሩቅ ያምራል። ጠጋ ብዬ ጣሪያውን በመዳፌ ጫን ሳደርገው "ቷ" ብሎ ገባ። ስለቀው "ቷ" ብሎ ወጣ።

"በምን ፋቅከው?"

"በግራይንደር፣ ጋሼ።"

በዚህ ዓመት ብቻ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ልናገር።

የቮልስ ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግራይንደር በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መሞረጃ ነው፤ ድንጋይ ገጥሞ ሲያርፍበት ያቺ ቦታ ብቻዋን ትግላለች። ብረት ሲግል ይለጠጣል። ዙሪያው ቀዝቃዛ ነውና መሄጃ ያጣል፤ ያለው አማራጭ ማበጥ ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ድሮው አይሆንም። ላሜራው ላይ ሰማያዊ ጥላ ካያችሁ በቃ፣ ነገሩ አልቋል። ፓራፋንጎው፣ ማለትም የጎማው መሸፈኛ፣ ክብ ስለሆነ ትንሽ ይችላል። ጣሪያ፣ በርና ኮፈን ግን ምሕረት የላቸውም። ድንጋዩን ተዉት! ጥቁር ስፖንጅ የሚመስል፣ ለቀለም ማንሻ ተብሎ የተሠራ ዲስክ አለ፤ እሱን ግጠሙ። እሱንም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት። በየመሃሉ በእጃችሁ ንኩት፤ እጅ ካቃጠለ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። የልጁን ጣሪያ ወደ ቦታው ለመመለስ በመዶሻና በእሳት አራት ቀን ፈጀብኝ። ስቱኮ፣ ማለትም ጉድጓድ የሚሞላ ልጥፍ፣ ሞልቶ መሸፈን የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ግን በእያንዳንዱ ጉድጓድ መንገድ ስቱኮው ይሰነጠቃል።

"እንግዲያው በአሸዋ ላስነፋው" የሚሉም አሉ። ለሻሲና ለወፍራም ብረት ጥሩ ነው። ጣሪያ ላይ ግን አሸዋው እንደ ሺህ ትንንሽ መዶሻ ነው፤ ላሜራውን ቀጥቅጦ ያጎብጠዋል። ደግሞ ተራ የወንዝ አሸዋ በኮምፕሬሰር አትንፉ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሲሊኮሲስ ይባላል፣ መድኃኒትም የለውም። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስለሚኖር በእጅ ስትፍቁም ማስክ አይለያችሁ።

የቮልስ ቤንዚን ማጠራቀሚያ ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ስር ነው። ሳያወርዱ ብልጭታ የሚያስነሱ አይቻለሁ። ሌላ ምንም አልልም።

መስታወቱንም አውልቁ፤ ብልጭታው ተጣብቆበት ይቀራል።

በፈሳሽ ቀለም ማንሻ የምትሠሩ ደግሞ ከመጋጠሚያዎቹ ራቁ። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ፈሳሽ ታጥቦ አይወጣም። ከወራት በኋላ አዲሱን ቀለም ከስሩ ፈንቅሎ ይመጣል። መጋጠሚያውን በእጅና በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱት።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ጋራዥ በከፈትኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ በሐምሌ፣ አንዱን ቮልስ ዓርብ ቀን ከጫፍ ጫፍ ፋቅኩት። ቅዳሜ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባውን የስር ቀለም፣ ልቀባው ነበር፤ መብራት ጠፋ። ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት መኪናው በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። የእጄ አሻራ ሳይቀር ዝጎ ታትሟል። ባለቤቱ ይቸኩል ነበር፤ እኔም ፈራሁ። ላይ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጌ ቀባሁት። ዓመት ሳይሞላው ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አወጣ። ገንዘቡን መለስኩ፤ ሥራውንም እንደገና በነፃ ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ በክረምት ሙሉ ቦዲ አልፍቅም። ጠዋት አንድ በር፣ ከሰዓት በኋላ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ በማግስቱ ሌላው በር። የተፋቀ ላሜራ ያለ ጓንት አይነካም፤ ላብ ጨው ነው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የሻሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ስር፣ መሃል ላይ በረዘመው ቱቦ ላይ ተመትቷል። እዚያ አካባቢ ባትሪው ስላለ ወለሉ ብዙ ጊዜ በአሲድ የተበላ ነው፤ ሰው በንዴት ግራይንደር ይለቅበታል። ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው ያ ቁጥር ነው። በፕላስተር ሸፍኑት፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ቁጥሩ የጠፋበት መኪና ቢያብረቀርቅም ማን ይገዛላችኋል?

ልጁ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የግራውን በር በእጁ ይፍቃል። እጁ እየተፈታ ነው። ግራይንደሩን ግን ቆልፌበታለሁ።