ስክሪን ፕሪንት ሐዋሳ ላይ ገዝቶ ማቆየት

ሐዋሳ ውስጥ ስክሪን ፕሪንት ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ቲሸርትና ባነር የሚያትመው ቤት ነው። የሠዓሊ ስክሪን ፕሪንትም አሠራሩ ያው ነው፦ ፍሬም ላይ የተወጠረ መረብ፣ መረቡ ላይ የሚቀባና ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር ኢሙልሽን፣ ቀለሙን በመረቡ ገፍቶ የሚያሳልፍ ጎማ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን። ልዩነቱ ሠዓሊው ስንት ቅጂ እንደሚታተም አስቀድሞ መወሰኑና እያንዳንዱን ቅጂ አይቶ በእርሳስ መፈረሙ ነው። የምትገዙት ነጩን ኅዳግ ጨምሮ ወረቀቱን በሙሉ ነው። ይህን የዘነጋ ገዢ ሲገዛ ባይሞኝ እንኳ ፍሬም ቤት ይከስራል።

መጀመሪያ ከምስሉ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙ ጊዜ በግራ ቁጥሩ፣ በመሃል ርእሱ፣ በቀኝ ፊርማው ይጻፋል። 12/50 ማለት ከ50 ቅጂ 12ኛ ቁጥር የተሰጠው ማለት ነው። «1/50 ስለሆነ ይወደዳል» ለሚል ሻጭ ጆሮ አትስጡ። ባለ 5 ቀለም ሥራ ከሆነ 50ውም ወረቀት 5 ጊዜ ይታተማል፤ በየዙሩ ማድረቂያ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ተራው ይደበላለቃል፤ ቁጥሩ የሚጻፈው ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። በቁጥር ፋንታ «ኤ.ፒ.» የሚል ካለ የሠዓሊው ድርሻ ነው፣ በልማድ ከእትሙ 10 በመቶ ገደማ። «ፒ.ፒ.» የአታሚው ነው፤ «ኤች.ሲ.» ለሽያጭ ያልታሰበ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው በጠቅላላ ስንት ወረቀት እንዳለ ጠይቁ። ያው ምስል በሌላ ቀለም ወይም በሌላ መጠን ይወጣ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ። ነውር የለበትም፤ ግን በ50 ቅጂ ሒሳብ ከፍሎ ዓመት ሳይሞላ ሌላ 50 ሲወጣ ማየት ያናድዳል።

ፊርማው በእርሳስ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት እርሳስ ያብረቀርቃል፤ የተጫነበትም ቦታ ስስ ጎድጎድ ይላል። በማሽን የታተመ ፊርማ ሁለቱም የለውም።

ቀጥሎ 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ያዙ፣ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙትን ዓይነት። ስክሪን ፕሪንት ላይ ቀለሙ ድፍን፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ ባትሪ ከጎን ስታበሩበት ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ኦፍሴት፣ ማለትም መጽሐፍና ፖስተር የሚታተምበት የማሽን ኅትመት፣ ከሆነ የ4 ቀለም ነጠብጣቦች ተሰባስበው እንደ ጥቃቅን አበባ ይሠራሉ፤ ኢንክጄት፣ የኮምፒውተር ፕሪንተር ኅትመት፣ ደግሞ የተረጨ ጭጋግ ይመስላል። ከፎቶ የተሠራ ስክሪን ፕሪንትም ነጠብጣብ ሊኖረው ስለሚችል ነጥብ ስላያችሁ ብቻ አትሽሹ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ድፍንና ወፈር ያለ ከሆነ ስክሪን ነው። ኢንክጄትን ቁጥር ሰጥቶና ፈርሞ መሸጥም ማጭበርበር አይደለም፣ ኢንክጄት ነው ተብሎ እስከተሸጠ ድረስ።

በትልልቅ ስም አትጀምሩ። የአሜሪካዊው ሠዓሊ የአንዲ ዋርሆል «ማሪሊን» እ.ኤ.አ. በ1967 በ10 ሥራ፣ እያንዳንዱም በ250 ቅጂ ወጥቷል። ከ1970 ወዲህ ግን «ሰንዴይ ቢ. ሞርኒንግ» የሚባሉ፣ ከጀርባቸው ማኅተም ያለባቸው ቅጂዎች ገበያውን ሞልተውታል፤ ለግድግዳ ያምራሉ፣ በዋርሆል ዋጋ ግን አይገዙም። ማንነቱን የሚሰውረውን የእንግሊዝ የጎዳና ሠዓሊ፣ የባንክሲን፣ ሥራ የሚያረጋግጠው የራሱ ቢሮ ፔስት ኮንትሮል ብቻ ነው፤ የጋለሪ ምስክር ወረቀት አይተካውም። የአገር ውስጡ ይሻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ኅትመትን ያስተምራል፤ ከዚያ የወጣን ሠዓሊ ፊት ለፊት መጠየቅ ይቻላል። የእንጨት ቅርጽ ኅትመትም ስለሚሠራ ቴክኒኩን፣ የእትሙን ብዛት፣ የወረቀቱን ዓይነትና ዓመቱን ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ወረቀቱ መቶ በመቶ ጥጥ፣ በካሬ ሜትር 250 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ከመክፈላችሁ በፊት ማዕዘኖቹን እዩ። በአንድ እጅ የተነሣ ወረቀት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስብራት ይቀርበታል፤ አይለቅም። በሁለት ቀለሞች መካከል ያልታሰበ ነጭ ክፍተት ካለ ሲታተም አልገጠመም ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። በአውቶቡስ ከላካችሁት ቀጭን የካርቶን ቱቦ ከሻንጣ ሥር ይጨፈለቃል፤ ወፍራም የቀለም ድርብርብም ጠብቆ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ አስቆርጡና ወረቀቱን በንጹሕ ስስ ወረቀት ጠቅልላችሁ ላላ አድርጋችሁ አስገቡት። ለጉዞ ብቻ ነው፤ እንደደረሰ አውጥታችሁ ዘርጉት።

አሁን ፍሬም ቤቱ። ባለሙያው በቅንነት የሚያደርጋቸው 3 ነገሮች ሥራውን ይገድሉታል፦ ዝግጁ ፍሬም ውስጥ እንዲገባ ኅዳጉን ይቆርጣል፣ እንዳይጨማደድ በኮላ ኮምፐርሳቶ ላይ ይለጥፋል፣ መስታወቱን በቀጥታ ያሳርፍበታል። ፍሬሙ በወረቀቱ ልክ ይሠራ እንጂ ወረቀቱ በፍሬሙ ልክ አይቆረጥ። በኮላ የተለጠፈውን ያለ ጉዳት ማላቀቅ ከባድ ነው። መስታወቱን በተመለከተ፣ የስክሪን ቀለም ወፍራም ስለሆነ በሙቀትና በእርጥበት መስታወት ላይ ይጣበቃል፤ ሲከፈትም ተልጦ ይቀራል። ስለዚህ መሃሉ የተቆረጠ ከ2 ሚሊሜትር ያላነሰ ወፍራም ካርቶን፣ ፓስፓርቱ የሚባለው፣ ይግባበት፤ ወይም በፍሬሙ ውስጥ ዙሪያውን ወረቀቱን ከመስታወቱ የሚለይ 5 ሚሊሜትር ማራቂያ ይደረግ። ወረቀቱን በስኮችም በፕላስተርም አታስይዙ፤ ማጣበቂያው ቢጫ ሆኖ ወደ ፊት ያልፋል። ከአሲድ ነፃ ወረቀት አጥፋችሁ ለ4ቱ ማዕዘን ኪስ ሥሩ፤ በክረምት ወረቀቱ ስለሚለጠጥ በየጎኑ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ተዉለት፣ አለበለዚያ ይሞገዳል። ከኋላ ከኮምፐርሳቶ ሌላ ካልተገኘ በእሱና በወረቀቱ ጀርባ ባለው ካርቶን መካከል የወጥ ቤት ፎይል ዘርጉ፤ ከእንጨቱ የሚወጣውን አሲድ ይመልሳል። ሥራው ሲያልቅ እስኪዘጋ አጠገቡ ቁሙ፤ ይህን ሁሉ በቃል ነግሮ ሄዶ ማታ መመለስ አይሠራም።

ሐዋሳ ላይ የመጀመሪያው ጠላት እርጥበት ነው፣ በተለይ ሐይቅ ዳር ላለ ቤት። ለወረቀት ከ45 እስከ 55 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ይስማማል፤ 65 አልፎ ከሰነበተ ሻጋታ ይጀምራል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙ። ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ በውስጥኛው ላይም ቢሆን ከፍሬሙ ጀርባ በታች ማዕዘኖች የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ፣ አየር እንዲያልፍ። ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት ከሰቀላችሁ ደማቅ ሮዝና የፍሎረሰንት ቀለሞች ቀድመው ይነጣሉ። መደበኛ መስታወት ይህን አይከላከልም።

ሻጋታ ካያችሁ በጨርቅ አትጥረጉ፤ እርጥብ ሻጋታ ሲታሽ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ከፍሬሙ አውጡት፣ ከሌሎቹ ለዩት፣ ፀሐይ በማይነካውና አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ዘርግታችሁ አድርቁት። ዱቄት መስሎ ሲደርቅ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ከመሃል ወደ ጠርዝ አራግፉት። የእርሳሱን ፊርማ ብሩሹ እንዳይነካው።